በስምህ ተለምኜ እንቢ ያልኩ ቀን

ሰይድዬ፣ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህና፣ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ሐይቁ ሞልቶ የጎረቤታችንን የዘይነባን ጓሮ ሊነካ ምንም አልቀረው። ጀልባህን ወንድምህ ወስዷታል። ልጃችን ሀያት አሁንም ጅዳ ናት፣ በየጁምዓው ትደውላለች።

ዛሬ የምጽፍልህ ለሰው መንገር ያቃተኝን ነው። ስትሞት የዘይነባ ልጅ ኒካህ ላይ እንደነበርኩ ታውቃለህ። እዚያ የሆነውን ግን አታውቅም። ዘይነባ ይህን የሚያክል ጉርሻ ጠቅልላ መጣችና «ሰይድ ይሙት፣ ይቺን ብቻ» አለችኝ። መቼም የእኛን የሴቶቹን ነገር ታውቀዋለህ፤ ብይ ማለት ብቻውን ነውር ይመስለንና የምንወደውን ሰው ሞት እንጠራለን። በመጀመሪያው መቀበል ደግሞ ሆዳም ያስብላል። እንደ ደንቡ እየሳቅሁ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ሁለተኛውን ሳትለው ከሐይቁ በኩል ሰው እየሮጠ መጣ። መረብህን እያጠብክ ቁጭ እንዳልክ አልተነሳህም።

ሼኩ አጀሉ፣ የተቆረጠለት ቀኑ፣ ደርሶ ነው፣ በጉርሻ የሚሞት ሰው የለም አሉኝ። አምናለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ «ሀያት ትሙት» ሲሉኝ እንቢ ማለት አቃተኝ። ብይ ሲሉኝ እበላለሁ፣ ቆዪ ሲሉኝ እቆያለሁ። ሰፈሩም ነቅቶብኛል፤ ከደሴ ያመጣህልኝን አረንጓዴ ሻሽ እንኳ በሀያት ስም ወስደውብኛል። ብታይ ትስቅ ነበር። አንተ እኮ «ዝጊ»፣ «አምጪ»፣ «ተኚ» ነበር ነገርህ። እባክሽ ብትል ምን አለበት እያልኩ ሃያ ዓመት ነዘነዝኩህ። ለካ ያንተ ትእዛዝ ማንንም አይነካም ነበር።

ባለፈው ሰኞ ቀትር ላይ ዘይነባ ለሰደቃ ጠራችኝ። ጠግቤ፣ እንዲያውም አሞኝ ሳለ፣ ልማድ አይደል፣ «ሀያት ትሙት» ብላ ሦስተኛውን ጉርሻ ዘረጋች። አፌን ከፈትኩ። ያኔ ከጀርባዬ፣ ከደጁ በኩል፣ «ተይ» የሚል ድምፅ መጣ። ድምፁ ያንተ ነው፤ ያቺ ሻካራነቱ እንኳ አልቀረችም። ዞርኩ። ደጁ ላይ ፀሐይ ብቻ። ጆሮዬ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። ግን የዘይነባ እጅ አየር ላይ ቀርቷል፣ ዓይኗም ከትከሻዬ በላይ ደጁን ያያል። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ቤት ገብቼ ለሀያት ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ማክሰኞም ዝግ ነው። እንቢ ብዬ አንተን ቀበርኩ፣ አሁን ደግሞ እሷን እያልኩ ስልኩን ይዤ አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት በጓደኛዋ ስልክ ደወለችልኝ። ስልኳ ተበላሽቶ ነው። እስኪሠራ ልትጠብቅ አስባ ነበር፤ ሱብሒ ሰግዳ ጋደም ስትል ግን አንተ በሕልሟ መጥተህ «ለእናትሽ ደውዪ» አልካት። ሰላም እንኳ አላለኝም እኮ ብላ ሳቀች። እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ሰይድዬ፣ ከእንግዲህ እንግዳ ሲመጣ «ብሉ» ብቻ ነው የምለው። ዘይነባም እንደዚያው ጀምራለች። ባለጌ ሆኑ ይሉናል፣ ይበሉን። ስምህን ሰው ለማስበላት አላነሳውም፣ ሌላው ሲያነሳውም ዝም አልልም። ከሶላት በኋላ ለዱዓ እጄን ስዘረጋ ግን፣ እኔ እስካለሁ ድረስ፣ አንድም ቀን ሳልዘል እጠራሃለሁ።