የቀኙ በር

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እህቴ ከወለደች ወዲህ በረታች? ሕፃኗስ ሌሊት ታስተኛችኋለች ወይስ በእናቷ ወጥታለች? እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የበረታብን። ቤቱ ያላንቺ ሰፍቶናል።

ጎረቤታችን ደውላ መኪናችሁ ተጋጨ ብላ እንዳስደነገጠችሽ ሰማሁ። እሷ እንደሆነች ወሬ ከያዘች ሳታደርስ ውሃ አትጠጣም። ሰው አልተጎዳም፤ አይዞሽ። ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ።

አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ አባዬ ወደ ግቢ ሲገባ የቀኙን የፊት ጎማ መከለያ፣ ፓራፋንጎውን፣ ከበሩ ምሰሶ ጋር አላተመው። ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ምሰሶው ነው የመጣብኝ ብሎ አሳቀኝ። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ዳቦ ሊያደርስ ሲሄድ መንገድ ዳር የቆመ ጋሪ ታክኮ አለፈና የቀኙ የፊት በር ወደ ውስጥ ገባ፤ ስፖኪዮውም ተገንጥሎ ቀረ። ያን ማታ አልሳቀም። ባለጋሪውን ሲራገም አመሸ።

የመኪና አካል የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ አይቶ፣ ይህ ቢቀጠቀጥም ስቱኮ በስቱኮ ነው የሚሆነው፣ ያገለገለ ፈልጋችሁ ቀይሩት አለን። ስለዚህ ቅዳሜ የአሮጌ መኪና አካል ወደሚሸጥበት ግቢ አብረን ሄድን። ሻጩን ሰው ሁሉ «ልክክ» ነው የሚለው፤ ምን ብትጠይቂው «ልክክ ይላል» ስለሚል። የጭነት መኪና በር ለብስክሌት ብትፈልጊ እንኳ ከማለት አይመለስም።

አባዬን ታውቂው የለ፣ በወሬ የሚገዛ ሰው አይደለም። የተጎዳውን ፓራፋንጎ አስፈትቶ ይዞ ነበር የሄደው። ልክክ ያመጣለትን መሬት ላይ አስተኛና አሮጌውን ከላይ ደርቦ የብሎን ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየዳሰሰ አመሳከረ። ቀዳዳዎቹ ገጠሙ፤ የመብራቱ ጥግ ግን እምቢ አለ። አባዬ ይሄ ዘግይቶ የወጣው ሞዴል ነው ብሎ መልሶ ሰጠው። ሁለተኛው ገጠመ። ከዚያ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ በጨርቅ ጠቀለለና በላዩ አስኬደው፤ ስቱኮ የተሞላ ቦታ ማግኔት አይዝማ። ከዳር እስከ ዳር ያዘ። እንዴት እንደኮራሁበት አልነግርሽም።

ቀጥሎ ወደ በሮቹ ሄድን። በሮቹ ግራና ቀኝ በሰንሰለት ተንጠልጥለዋል። አባዬ ልክክን መስታወቱ ወርዶ ይወጣ እንደሆነ እየጠየቀው ሲራመድ፣ በቀኙ በኩል ከተንጠለጠለ በር ጋር በጠራራ ፀሐይ በግንባሩ ተላተመ። ቀይ በር ነው እማዬ፤ ደማቅ ቀይ። ምን እዚህ ይገትሩታል ብሎ ተቆጣ። ያ አፉ ከቀልድ የማይለይ ልክክ ቀልዱን ትቶ ቀስ ብሎ ክንዱን ያዘው። እኔ ምሰሶው ትዝ አለኝ። ጋሪው ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ጠዋት በቀኙ በኩል ያስቀመጥኩለት ሻይ እዚያው ቀዝቅዞ ሳለ፣ «ሻይ የለም እንዴ ዛሬ?» ያለኝም ትዝ አለኝ።

የሚገጥም በር አግኝተን ገዛን። ነጭ ነው፤ ግን ነጭና ነጭም ይለያያል። አባዬ ፀሐይ ላይ አስወጥቶት፣ ከኛው ጋር አንድ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል አልኩት። እናትሽ ገና ስታየው ታውቀዋለች አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ቆየ። እኔ ልንዳው ወይ አልኩት። መሪውን እንደያዘ፣

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «አራሷን ጥላ ትመጣለች። ስትመለስ ራሴ እነግራታለሁ።»

ቃል ግቢልኝ አለ፤ ገባሁለት። ከዚያ ወረደና ኮፈኑን በእጁ እየተደገፈ ዞሮ መጥቶ የኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባዬን በዚያ መኪና ውስጥ በዚያ በኩል ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

ስለዚህ እማዬ፣ የጻፍኩልሽ ስለ መኪናው ብቻ ነው። ቃሌን አላጠፍኩም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ እየነዳሁ፣ እሱ አጠገቤ ሆኖ ዳቦውን አድርሰን ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። ባለሱቆቹ ሹፌር ቀጠርክ እንዴ ሲሉት ግን፣ ደመወዟን አልቻልኩትም ብሎ ይስቃል። ሐሙስ አንድ ቦታ ቀጠሮ አለን፤ የምን ቀጠሮ እንደሆነ እሱ ይንገርሽ።

አንቺ ሳትቸኩዪ እህቴን አጠንክረሽ ነይ። መናኸሪያው ድረስ መጥተን እንቀበልሻለን። ከአውቶብስ ስትወርጂ ብቻ፣ ሳላያት አለፍኳት ብሎ እንዳይከፋው፣ በግራው በኩል ነይ። ከሩቅ ያይሻል።

የሕፃኗን እግር ሳሚልኝ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ በሰላም ያገናኘን።

የምትወድሽ ልጅሽ