እሁድ በአራት ሰዓት

ለተከበሩ የአዳሪ ትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ የመግቢያ አዳራሻችን መስተዋት አንድም ጭረት ሳያገኘው እንዲሰነብት፣ እንቅልፍዎም ከእኔ እንቅልፍ የተሻለ እንዲሆን እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በቢሮዎ በር ሥር እንደማሾለክ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌ ድፍረት መስሎ ከታየዎት ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ድፍረት ቢኖረኝ ኖሮ ደብዳቤው ጭራሽ ባላስፈለገ ነበር። በዚህ ግቢ ከእኔና ከአንዲት ተማሪ በቀር ማንም በማያነበው ቋንቋ መጻፌም አይድነቅዎ፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እደርስበታለሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህሩ ነኝ። ባያስታውሱኝም አልቀየምም። በመግቢያው ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶ፣ ከሉሉ ጀርባ ግማሽ ፊቱ የሚታየው ሰውዬ እኔው ነኝ። ሥርዓት እንደሚወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሉሉ ነው። ለክፍሌ ሉል ይገዛልኝ ብዬ ባመለከትኩ ጊዜ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ሉል አስመጥተው በመግቢያው አዳራሽ ስላስተከሉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጎብኚ ፎቶ ሲነሣ እንዳይንቀሳቀስ በብሎን ስለታሰረ አይዞርም። በዚህም የተነሣ ተማሪዎቼ የዓለምን ግማሽ አብጠርጥረው ያውቃሉ፤ ሌላው ግማሽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። የእኔና የዚያች ተማሪ አገር በግድግዳው በኩል ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ አየር ንብረት የማስተምርበት ክፍል መስኮት የለውም። ይህም የሐሳብ ኃይልን ስለሚያዳብር ቅሬታ የለኝም። ደግነቱ ጣሪያው አዲስ ቢሆንም ለጋስ ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ናሙናውን በባልዲ ያቀብለናል።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልክ ነው። ልጆቹ ሐሳባቸው እንዳይበታተን ብለው የእጅ ስልካቸውን ገና በሩ ላይ ሰብስበው ቆለፉበት። ወላጅም በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር በሦስት ሰዓት ብቻ፣ በስልክ ማዞሪያው በኩል እንዲያነጋግር ደነገጉ። ከዚያ ውጪ የሚደውል ወላጅ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን በትሕትና እንዲሰናበት በጽሑፍ አዘዙ። በዚህም ርቀት ምን ማለት እንደሆነ እኔ በዓመት የማልጨርሰውን ትምህርት እርስዎ በጥቂት እሁዶች አስተምረው ስለጨረሱልኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ አመሰግንዎታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ራሴ ነው። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይባላል፤ እስካሁን ያማሰልኩት የርስዎን ነው፣ ያረረው ግን የእኔ ነው።

ደንቡን ለወላጆች በየቋንቋቸው እንድንተረጉም ለመምህራን ማደልዎን ያስታውሱ ይሆናል። በእኔ ቋንቋ የሚያነብ ወላጅ አንድ ብቻ ነበር። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ልጁ በነፃ የትምህርት ዕድል የመጣች የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። በዚህ ግቢ «ጋሼ» ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት፤ ለሌላው ሁሉ ሚስተር ነኝ።

ትርጉሙን የሠራሁት ደረቴን ነፍቼ ነው። ሌላው ሰው በሰዓት ልዩነት ይደናገር እንጂ እኔ የኬንትሮስ አስተማሪ አይደለሁምን? አገራችን ከዚህ በስተምሥራቅ ስለሆነች አንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሦስት ላይ አንድ ጨመርኩ፣ አራት ሆነ፣ «እሁድ በአራት ሰዓት ይደውሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ ደግሜም አሰላሁት። ሂሳቡ ዛሬም ልክ ነው። የረሳሁት በእኛ ቋንቋ ቀን የሚቆጠረው ከንጋት መሆኑን ነው። አሥር ሰዓት ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አራት ሰዓት የተባለው አባት፣ እንደ ማንኛውም ያገሬ ሰው፣ ረፋዱ ላይ ደወለ። ስንት ዘመን በእናንተ ሰዓት ስተኛ በእናንተ ሰዓት ስነሣ፣ ለካ ጭንቅላቴም ሳላውቀው በእናንተ ሰዓት መዞር ጀምሯል። አዲስ መጤ በሰዓት ሲሳሳት ስንቱን ስቄበታለሁ!

ረፋዱ ላይ ስልኩን የምታነሣው የማዞሪያ ሠራተኛዋ ናት። ተማሪዎቹ ሌላ ቃል ከአፏ ሰምተው ስለማያውቁ «ወይዘሮ ይጠብቁ» ይሏታል። እውነቱን ልናገርና እኔም አልወዳትም ነበር። ሰላም ስላት ከምትሠራው ሹራብ ቀና አትልም፤ በምሳ ወረፋም ትጋፋለች። ለሾፌሩ እርስዎ የጻፉትን ደንብ በቋንቋዋ ነገረችው፤ እሱም በቋንቋው ለመናት፤ ስልኩ ተዘጋ። እንዲህ እያለ እሁድ መጥቶ እሁድ ሄደ።

ልጅቷ ከቀትር በኋላ ፀጉሯን ተሠርታ ከማዞሪያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሌሎቹ ስማቸው እየተጠራ ይገባሉ፣ እየሳቁ ወይም ዓይናቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። አንድ እሁድ ሳልፍ «ጋሼ፣ መኪናው ተበላሽቶበት ይሆናል» አለችኝ። በሌላው እሁድ «ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ደርሶ ይሆናል» አለችኝ። ከዚያ ምክንያት አለቀባት መሰለኝ፣ ፀጉሯን መሠራት ተወች። እኔ «አይዞሽ» እያልኳት አልፍ ነበር።

በመጨረሻ አባትየው ከሰው ሰው ጠያይቆ የእኔን ስልክ አገኘ። «ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለኝ። «እሁድ እሁድ ባላችሁኝ በአራት ሰዓት መኪናዬን ዳር አቁሜ እደውላለሁ፤ አንዲት ሴትዮ ትመልሰኛለች። ልጄ የሾፌር ልጅ መባሉን አፍራ ይሆን እንዴ?» በአራት ሰዓት ሲል ስህተቴ ገባኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ ስለ መሬት መሰንጠቅ በየዓመቱ ባስተምርም ያን ቀን እሺ አላለችኝም።

ወደ ቢሮዎ የመጣሁት ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ነበር። ገና «አንድ አባት ስልክ ተዘጋበት» ስል ግን ፊትዎ ተለዋወጠ፤ የሚገመግሙን እንግዶች በዚያው ሳምንት ይመጡ ነበርና። ወዲያው ተደወለ፣ ልጅቷ በርስዎ ስልክ ከአባቷ ጋር ተላቀሰች፣ ፎቶ አንሺውም አልቀረም። የቀረውን ዓረፍተ ነገር ዋጥኩት። ከዚያም ስብሰባ ጠሩ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ ደንቡን ያወጣው ሳይጠየቅ የፈጸመችው ተጠየቀች። እሷም ሰውየው የደወለው ከሰዓቱ ውጪ እንደሆነና የታዘዘችውን ብቻ እንዳደረገች ተናገረች። ያን ጊዜ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው ሰዓቱ በትርጉሙ ላይ በትክክል ሰፍሮ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እኔም «የሰዓቱን ልዩነት ያሰላሁት ራሴ ነኝ፤ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው» ብዬ መለስኩ። እውነት ነው፣ አንድ ሰዓት ነው። እውነት ተናግሮ መዋሸት እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ከመጣሁ ጀምሮ ፊቷን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። ዓርብ እስኪወሰንባት ድረስ ከሥራዋ ታግዳለች፤ ያልተጨረሰው ሹራብ ወንበሯ ላይ እንዳለ ነው። በእሷ ቦታ ያስገጠሙት ማሽንም ያንኑ «ይጠብቁ» የሚለውን ቃል ይላል፤ በእርግጥ ከእሷ ይልቅ ትሑት ነው። ሰው የማይወደውን ሰው መወንጀል እንዴት ቀላል እንደሆነ እርስዎ ያውቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ከራሴ ይህን አልጠበቅሁም ነበር።

እንዲያ ሆኖ ዝምታዬ ሊዋጥልኝ ምንም አልቀረውም ነበር። ባለፈው ሰሞን ለክፍሉ «ከቤታችሁ እስከዚህ ያለውን መንገድ በካርታ አሳዩ» የሚል የቤት ሥራ ሰጠሁ። ልጅቷ የአባቷን መኪና፣ ዳር የሚያቆምበትን ጥርጊያ፣ ትምህርት ቤቱንም ሥላ አመጣች። በስልክ ማዞሪያው በር ላይ አንድ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለ። ከግርጌ የምልክቶቹን መግለጫ ሳነብ ከጥቁሩ ሦስት ማዕዘን አጠገብ «ክፉ ሴትዮ» ይላል። ከጎኑ ደግሞ አንድ ቤት አለ፤ በላዩ ላይ ፀሐይ ወጥታለች፤ «የጋሼ ክፍል» ይላል። «ጋሼ፣ አንተ ባትኖር አባቴ እንደረሳኝ ይቀር ነበር» አለችኝ። እኔም አሥር ከአሥር ሰጠኋት። ቀዩ እስክሪብቶ በእጄ ነበር፤ አንዲት መስመር ማረም አቃተኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጅቷ ሴትዮዋን በመንገድ ስታገኛት ፊቷን ታዞራለች፤ ያንን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ክቡር ርእሰ መምህር፣ ለሠራተኛይቱ ሊጻፍ የተሰናዳው የስንብት ደብዳቤ ስሙ ብቻ ተለውጦ ለእኔ እንዲሰጠኝ፣ እሷም ወደ ወንበሯና ወደ ሹራቧ እንድትመለስ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። የወረፋው ነገር ከዚህ በኋላ አያስቀይመኝም። ስለ ደንቡ የሚጠየቅ ሰው ካለ ደግሞ፣ እሱን መፈለጉን ደንቡን ለጻፉት ሰው እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ቋንቋው ነገር ልመለስ። ይህ ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ ሲታይ ትርጉም መጠየቅዎ አይቀርም፤ የትምህርት ቤቱ የዚህ ቋንቋ ተርጓሚ ደግሞ እኔው ነኝ። ራሴን አውቀዋለሁ። ፊትዎ ቆሜ ስተረጉም ምላሴ መተሳሰሩ፣ ከጥፋቴ ግማሹን መዋጡ፣ «ሰላምታ አቅርቧል» ብሎ ማለፉ አይቀርም። እንዲያ እንዳላደርግ ምስክር አስቀምጫለሁ። ሰሌዳው ወደ ሰባተኛ ክፍል በሚወስደው ኮሪደር ላይ ነው፤ ቀድማ የምታነበው እሷ ናት። እሷ ካነበበችው ወዲያ ባጎድል ታውቅብኛለች።

ፎቶው ላይ ያለው ግማሽ ፊቴ ለማስታወቂያ እንዲያገለግል እየፈቀድኩ፣ ሌላውን ግማሽ በዚህ ደብዳቤ አያይዤ የማቀርበው፣ በአክብሮት የርስዎ፤

የጂኦግራፊ መምህሩ

ግልባጭ፦
ለስልክ ማዞሪያ ሠራተኛዋ (በቃል፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ)
ለሾፌሩ (በስልክ)
ለሰባተኛ ክፍሏ ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ የዓርቡን ስብሰባ በእናንተ አቆጣጠር በዘጠኝ ሰዓት ጠርተዋል። በእኔ ቋንቋ ዘጠኝ ሰዓት ከቀትር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሴትዮዋ ነገር አልቆ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተሙም ደርቆ ይሆናል፤ «ቋንቋ አሳስቶኝ ነው» ብል ማንም አይፈርድብኝም ነበር። እንዲህ ያለ ምቹ ስብሰባ ስላዘጋጁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የምመጣው ግን ጠዋት ነው።

አንቺም ልጄ፣ ካርታሽን ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ። ማርኩ አልተቀነሰም፤ መንገዱ ልክ ነው። ጥቁሩን ሦስት ማዕዘን ብቻ ከማዞሪያው በር አንሥተሽ በእኔ ክፍል ላይ አድርጊው።