ክልከላው የጸና፣ ፈቃዱ ያልጸና አዋጅ

ለተከበሩ የከተማችን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እርስዎ፣ የተከበሩ ባለቤትዎ እና ጣሪያዎ እንደምን ከርማችኋል? እኛ ከላይኛው ፎቅ በቀር ደኅና ነን።

እንደ አልባኒያ አባት ሁሉ አባቴም ቤቱን ሲሠራ ለወንድሜ ፎቅ የሚሆን የብረት ዘንግ ከላይ አቁሞ ትቶ ነበር። ወንድሜ ጌንቲያን አገባ፤ በበጋው ግድግዳው ቆመ፤ ከጣሪያው በፊት ግን ያለ ፈቃድ ፎቅ መጨመርን የሚከለክለው አዲሱ አዋጅ ደረሰ። ሚስቱ ሚርሊንዳ ነፍሰ ጡር ናት። ጌንቲያንም «በረዶው ሳይመጣ ጣሪያ ካላገኘን ጀርመን እንሄዳለን» ብሏል። ስለሆነም በትሕትና፦

አንደኛ፣ የክልከላው ክፍል በታተመበት ዕለት ስለጸናና ተቆጣጣሪዎም በማግስቱ ማልደው መጥተው «ሥራው ታግዷል» የሚል ወረቀት ስለለጠፉልን ምስጋናችን የላቀ ነው። እዚህ ከተማ ማልዶ የሚመጣ የመንግሥት ሰው አይተን ስለማናውቅ አያቴ እንግዳ መስለውት ራኪ የተባለውን አረቄያችንን ቀድቶላቸዋል።

ሁለተኛ፣ የፈቃዱ ክፍል የሚጸናው ደንቡ ሲወጣ ነው፤ ደንቡን የሚያወጣው ቦርዱ ነው፤ ቦርዱ የሚቋቋመው ደግሞ የፈቃዱ ክፍል ሲጸና ነው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ቢሯችሁ መስኮት ዘንድ ቀርቦ ነበር።

«ወንድምዬ፣ ፈቃዱማ ሕጉ ላይ አለ፤ አልጀመረም እንጂ» አሉት ጸሐፊዎ።

«እገዳውስ?»

«እሱማ ጀምሯል!»

አባቴም አመስግኖ ተመለሰ። ትልቅ ሰው መሆን ይህ ከሆነ እኔ አልቸኩልም።

ሦስተኛ፣ አያቴ ረጄፕ ቤቱን ዓይን እንዳይበላው፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የልጅነት አሻንጉሊት ድቤን ከብረቱ ጫፍ ሰቅሎት ነበር። ተቆጣጣሪዎ ድቡን «ያለ ፈቃድ የተጨመረ የሕንፃ አካል» ብለው መዘገቡና ይነሣ አሉ። አያቴ «ያውርዱታ! ከዚያ በኋላ ለሚሆነው እኔ የለሁበትም» ቢላቸው መሰላሉን መውጣት ጀምረው የነበሩት ሰውዬ ተመልሰው ወረዱ። ለካ እሳቸውም ቤት እየሠሩ ኖሯል። ከዚያን ቀን ወዲህ አያቴ «አየሽ አንቺ? ተለቅ ያለ ድብ ብንሰቅል ኖሮ አዋጁም አይወጣም ነበር» እያለ አላስተኛ ብሎናል። ቦርዱ የሚቋቋም ከሆነ በአባልነት እጠቁመዋለሁ።

ስለዚህ ወይ ፈቃዱን እንደ ክልከላው ቢያፈጥኑልን፣ ወይ ክልከላውን እንደ ፈቃዱ ቢያዘገዩልን እንለምናለን። ብንለምንም ባንለምንም ያው ነው፤ የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው።

ክልከላውን አክባሪ፣ ፈቃዱን ጠባቂ፣ ከሚገባዎ በላይ አክባሪዎ፣
ኤርዮና ሽኩርታይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ጌንቲያንና ሚርሊንዳ ወደ ጀርመን በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ስለዚህ ለእኛ ብላችሁ አትቸኩሉ። የእርስዎም ልጅ እዚያው ጀርመን ጣሪያ ሠሪ እንደሆነ ሰምተናልና አድራሻውን ቢልኩልን፣ ወንድሜ ሥራ ይጠይቀው ነበር።