መርፌ አልተስማማትም

ሚያዝያ 11 ቀን 1980 ዓ.ም.
አሰበ ተፈሪ

ለጤና መረጃ ማሰባሰቢያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አሰበ ተፈሪ

ጉዳዩ፦ በካርድ ግልበጣ ስሕተት «መርፌ እምቢ ባይ» ተብላ የተመዘገበችው ባለቤቴ ከመውለዷ በፊት መዝገቧ እንዲታረምላት ስለመጠየቅ

ጓድ ኃላፊ፣

ባለቤቴ ወይዘሮ ሳህሊቱ ነጋሽ መርፌ እምቢ ብላ አታውቅም።

1. እኔ አመልካቹ ይልቃል ሞገስ በከተማችን የቡና መጋዘን የጆንያ መለያ ጸሐፊ ነኝ። ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ሥራዬ መቻራ ነበር። እዚያ ሳለን ባለቤቴ እግሯ ቆስሎ ስላመረቀዘ ክሊኒክ ወሰድኋት። ቁስል የሚያክሙት ድሬሰር አቶ ሙሜ የፔኒሲሊን መርፌ ወጓት፤ ሳታንገራግር ተወጋች። ከአልጋው ሳትነሣ ፊቷ አበጠ፣ ጉሮሮዋ ተዘጋ። አቶ ሙሜ ሌላ መድኃኒት ሰጥተው መለሷት። ላባቸውን እየጠረጉ «ይልቃል፣ ይቺ ሴት ይህን መርፌ ሁለተኛ እንዳታይ። ዛሬ የመለሳት አላህ ነው» አሉኝ። በካርዷም ላይ «የፔኒሲሊን መርፌ አልተስማማትም» ብለው ጻፉ።

2. ባለፈው ዓመት ጽሕፈት ቤትዎ በገለምሶ፣ በበደሳና በመቻራ በኩል ያሉ ክሊኒኮች ካርዶች በአንድ ማኅደር እንዲገለበጡ አደረገ። አንዱ ክሊኒክ የሚያውቀውን ሌላው እንዲያውቅ፣ ጠቅላላውም አዲስ አበባ ወዳለው ኮምፒዩተር ገብቶ መድኃኒትና ባለሙያ የት እንደሚላክ እንዲለይበት መሆኑ በቀበሌ ስብሰባ ተነግሮናል። ያን ዕለት አጨብጭቤአለሁ፤ ከልቤም ነበር። ሳህሊቱ የትም ብትታመም መቻራ ላይ የደረሰባት ነገር ይከተላታል ብዬ ነበር።

ተከተላት። ነገር ግን ካርዱ ሲገለበጥ «ት» አናት ላይ አንዲት ጭረት ተጨመረችና «አልተስማማችም» ተባለ። መርፌው ለእሷ አለመስማማቱ ቀርቶ እሷ በመርፌው አለመስማማቷ ሆነ። ገልባጩ ልብ ቢሉ ኖሮ፣ እንዲያ ለማለት «በመርፌ» መባል ነበረበት።

3. ባለቤቴ አሁን የመውለጃዋ ቀን ደርሷል። የመጀመሪያ ልጃችን በኦፕራሲዮን ስለተወለደ ይህኛውም በዚያው መንገድ እንዲወለድ ሐኪሙ ወስነዋል። ሆስፒታል ስንቀርብ ሲስተር ሙሉመቤት ካርዱን አይተው «አንቺ ነሽ እንዴ እምቢተኛዋ?» አሏት።

«እኔ እምቢ አላልሁም። እሱ ነው እኔን እምቢ ያለኝ» አለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ።

«እንግዲያው ተወጊና እንይሽ።»

«አይሆንም» አለች ሳህሊቱ።

ሲስተሯ እዚያው ብዕራቸውን አንሥተው «ዛሬም በድጋሚ እምቢ ብላለች» ብለው ጨመሩበት።

ጓድ ኃላፊ፣ ያለንበት ይህ ነው። ብትወጋ ትሞታለች። አልወጋም ብትል ካርዱ እውነት ይሆናል። ያስረዳሁ በመሰለኝ ቁጥር እኔንም «የሚያሳምፃት ባሏ ነው» አሉኝ። ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ያለ ፔኒሲሊን ኦፕራሲዮን እንደማይደረግ ተነግሮናል። ቆሜ ብለምን ሲስተሯ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ያስጨንቅሃል? ማደንዘዣ ከወሰደች በኋላ ማን ይጠይቃታል? ሳታውቀው እንወጋታለን» አሉኝ። ለማጽናናት ነው የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ሳህሊቱ የምትፈራው ምጡን አይደለም፤ እንቅልፉን ነው።

4. ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ የመረጃ ክፍሉን አቶ አሰግድን አነጋግሬአለሁ። «ወረቀቱ ሄዷል። ኮምፒዩተሩ ስም አያውቅም፣ ቁጥር ነው የሚያውቀው። ባለቤትህ አራት ናት» አሉኝ። አራት ማለት እምቢ ባይ ማለት ነው። መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ስንት ቁጥር እንደሆነ ጠየቅሁ። ፎርሙን ፊትና ጀርባውን ገልብጠው አዩና «እሱ ቁጥር የለውም» አሉ። ቀጥለውም ጥፋቱን የአቶ ሙሜ አማርኛ ላይ አደረጉት፤ እዚያ ያሉት «እሱ»ን ከ«እሷ» ያቀላቅላሉ አሉ።

በቡና ጭነት መኪና መቻራ ሄድሁ። አቶ ሙሜ ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። «አማርኛ የተማርሁት በአለንጋ ነው። የተገረፍሁበትን ፊደል አልስትም» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉልኝ። አቶ አሰግድም ደብዳቤውን አንብበው «ትክክል ነው» ብለዋል። ነገር ግን አዲስ መረጃ ስለሆነ ዓመቱ ሲዘጋ በክሊኒኩ በኩል ተጠቃልሎ መምጣት አለበት አሉ። ዓመቱ የሚዘጋው በሰኔ ነው። ሳህሊቱ ሰኔን መጠበቅ አትችልም።

5. በእኛም ሥራ ስሕተት አለ። የመቻራ ቡና የገለምሶ ተብሎ መለያ የሚታሠርበት ጊዜ አለ። ጥርጣሬ ሲነሣ ጆንያው ተከፍቶ ፍሬው ይታያል እንጂ መለያውን የሚጠይቅ የለም። ሳህሊቱን ግን የሚያያት ጠፋ፤ ሁሉም የሚያየው መለያዋን ነው። ቢጨንቀኝ እኔም በጆንያ መለያ ጨርቅ ላይ ጽፌ እጇ ላይ አሠርሁላት። «አልተስማማትም» የሚለውን ቃል ፈራሁት። «ፔኒሲሊን ይገድላታል» ብዬ ጻፍሁ። ሲስተር ሙሉመቤት «ደግሞ ከየትኛው መጋዘን ነው የተጫንሽው?» ብለው በመቀስ ቆርጠው ጣሉት።

6. ይህ የእኔ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስልዎ። አራት ከተባሉት የመቻራና የበደሳ ሰዎች መካከል ስንቱ እንደ ባለቤቴ እንደሆነ አላውቅም፤ ኮምፒዩተሩም አያውቅም። የነገርነውን ያምናል። እምቢታ ወደ በዛበት አካባቢ ቀስቃሽ እንደሚላክ አቶ አሰግድ ነግረውኛል። እንግዲህ መርፌ ጉሮሮውን የዘጋው ሰው ሌላ መድኃኒት ሲጠብቅ ንግግር ይላክለታል ማለት ነው። መረጃው ለክሊኒኮች መሰራጨቱን አልቃወምም፤ ሚስቴን ያድንልኛል ብዬ የጠበቅሁት እሱ ነበር። የተጣመመው ነው የተሰራጨው።

ስለዚህ ባለቤቴ ፔኒሲሊን እንዳትወጋ፣ በሌላ መድኃኒትም ኦፕራሲዮን እንድትደረግ ለሆስፒታሉ ዛሬውኑ አንድ መስመር እንዲጽፉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ለአዲስ አበባው ዝርዝርም ማረሚያ እንዲላክ፣ ፎርሙም ላይ መድኃኒት ላልተስማማው ሰው ቁጥር እንዲሰጠው፣ ገና ያልተላኩት ካርዶችም ከየክሊኒኩ ዋና ካርድ ጋር…

ጓድ ኃላፊ፣ ይህን የምጽፈው በመዝገብ ቤትዎ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ቴምብር ካልተለጠፈበት አንቀበልም ብለውኛል፤ ቴምብር ሻጩ ምሳ ወጥተዋል። አሁን ጎረቤታችን ወይዘሮ ዙለይኻ ሱቋን ክፍት ትታ መጥታ በመስኮቱ ትጮኽብኛለች። «ኮቱ፣ ይልቃል፣ ና! ምጥ ይዟት ወስደዋታል! አንተ እዚህ ፊደል ትለቅማለህ?»

ያለ ቴምብር ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄጃለሁ። ከተኛች በኋላ የሚናገርላት ካርዱ ብቻ ነው። ሳትተኛ መድረስ አለብኝ።

ከሰላምታ ጋር፣ ቆሜ የፈረምሁ
ይልቃል ሞገስ

አባሪ፦ የአቶ ሙሜ ደብዳቤ። ይዤው ሄጃለሁ።