ከላይ የሚመጣ ጎል

ውድ ወንድሜ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው፤ እንዳትኩራራ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሚስትህ ደጃፌ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ጣቶቿን እያፍተለተለች «እትዬ፣ እንዳትቆጪኝ፤ የአባባን የሙዚቃ ሸክላዎች ይፈልጋቸዋል» አለችኝ። አልተቆጣኋትም። እሷ ምን አደረገች? ያገባችው አንተን ነው፤ ቅጣቷ ይበቃታል። ለአንተ የሚገባው መልስ ግን በሰው አፍ የሚላክ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው። ስጨርስ አንድ ፎቅ ወጥቼ በበርህ ሥር አሾልከዋለሁ። አየህ፣ መውጣት እንዲህ ቀላል ነው። መውረድ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የከተማውን ሰው ሁሉ ስታወጣና ስታወርድ የምትውል የአሳንሰር ጠጋኝ ይህን አላወቅህም ለማለት ይከብደኛል።

ከሸክላዎቹ ልጀምር። አባባ አቅሙ ደክሞ ከሁለት አንዳችን ጋር መኖር ሲኖርበት ከእኔ ጋር እሆናለሁ አለ። አንተን ጠልቶ አልነበረም። «እሷ ታጥበኛለች፤ እሱ ያፍራል» ነው ያለው፤ እውነቱን ነበር። አንተ ግን ቂም ያዝክ። «አባባን ከወሰድሽ ማጫወቻው የእኔ ነው» ብለህ ሶኬቱን ነቅለህ ተሸከምከው። እኔም የዋዛ አይደለሁም፤ «እንግዲያው ከሸክላዎቹ አንዷን ነክተህ እንገናኝ!» ብዬ ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩበት። እንዲህ ነው የተካፈልነው። ሸክላ ያለ ማጫወቻ ለእኔ፣ ማጫወቻ ያለ ሸክላ ለአንተ። ዕድሜ ልኩን የሰው ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው፣ የገዛ ልጆቹ አንዱን ዕቃ ለሁለት ሲፈቱት በሩ ላይ ቆሞ አየን።

ለካ ማጫወቻው ላይ አንዲት ሸክላ ተረስታ ኖሯል። ያቺ ረጅሙ የሳክስፎን ጃዝ ያለባት፣ ሰማያዊ ሽፋን ያላት። ሸክላዋ ካንተ ጋር ወጣች፤ ሽፋኗ ባዶዋን እኔ ጋ ቀረች።

መቼም አትረሳውም፤ በእኛ ቤት የጥሎ ማለፍ ጨዋታ በቴሌቪዥን ድምፅ ታይቶ አያውቅም። አባባ ድምፁን ያጠፋና ጃዝ ያስቀምጣል። «ይሄ ሰውዬ ሲለፈልፍ ኳሱ ይጠፋብኛል» ይላል። ሊግ ደስ አይለውም ነበር። «ሊግ ደመወዝ ነው፤ ዘንድሮ ቢጎድል ለከርሞ ይሞላል። ጥሎ ማለፍ ግን ዛሬ ነው፤ ነገ የለውም።» ጃዙንም የሚወደው በዚሁ ነው። ሳክስፎን ነፊው ከዜማው ወጥቶ ሲጠፋ፣ ተመልሶ ይገባ ይሆን ብሎ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል፤ ያንኑ ሸክላ ስንት ዓመት ሰምቶት። ጎል ሲገባ ደግሞ ወለሉን ሦስት ጊዜ በእግሩ ይመታል። ያንን ካንተ በቀር ማንም አልወረሰውም።

እኔ ቤት ከገባ ጥቂት ቆይቶ እግሩ ከዳው። አልጋውን ሳሎን ቴሌቪዥኑ ፊት ዘረጋሁለት። ጥሎ ማለፉ ሲጀመር እንደ ልማዳችን ድምፁን አጠፋሁ፤ የምናስቀምጠው ሸክላ ግን የሚያጫውተው የለም። እንዲሁ ተፋጠን ሳለን ከኮርኒሱ ያቺ ሳክስፎን መጣች። አንተም ድምፅህን አጥፍተህ ያለችህን አንዲት ሸክላ አስቀምጠሃል። አባባ ዓይኑን ጨፍኖ «የእኔ ልጅ» አለ። የማጥበው፣ የማጎርሰው እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው እንግዲህ። ቀናሁ፤ ምን አለበት፣ ልናገረው።

የእኔ ቴሌቪዥን ምስል እያዘገየ እንደሚያመጣ ያወቅነውም ያን ቀን ነው። አጥቂያችን ገና መሀል ሜዳ ላይ ኳስ ሲቀበል ከላይ ጓ፣ ጓ፣ ጓ! አልክ። ትንሽ ቆይቶ እኛ ቤትም ጎሉ ገባ። አባባ ሳቅ ብሎ «ይቺ ቴሌቪዥን ሰዓት ብትሆን ጠግኜልሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እሷን ማየት ተወ። በጀርባው ተኝቶ ዓይኑን ኮርኒሱ ላይ ይተክላል። ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ባዶ ኮርኒስ እያየ ፈገግ ሲል ያገኙትና «ጭንቅላቱን ነካ አደረገው እንዴ?» ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። ኳስ እያየ ነው እላቸዋለሁ።

ሩብ ፍጻሜው ላይ ደግሞ ቀልድ አማረህ። ሦስት ጊዜ መታህ፤ እኔ ዘልዬ ጮህኩ፤ የእኛ ቤት ኳስ ግን ውጭ ወጣ። ሳቅህ ከላይ ተሰማኝ። አባባም እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ «አሞኘሽ!» አለኝ። ያን ቀን በስንት ጊዜው አንድ ሙሉ ሳህን በላ። ስለዚህ ያችን ይቅር ብዬሃለሁ።

በማግስቱ ኩራቴን ውጬ ወጣሁ። ሚስትህ ከፈተችልኝ። «አባባ በጣም ደክሟል፤ ለአንድ ቀን ማጫወቻውን ይዞለት ይውረድ» አልኳት። አንተ ከሶፋህ ሳትነሳ «ንገሪያት! ቡድናችን ፍጻሜ ከገባ ተሸክሜው እወርዳለሁ። ካልገባ ግን እንዳትጠራኝ» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። አባትን መጠየቅ በኳስ ውጤት ሲወሰን የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ለአባባ የነገርኩት የቃልህን ግማሽ ብቻ ነው፤ ካለፍን ይመጣል አልኩት። «ካለ ይወርዳል» አለ።

በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና ከእንግዲህ የሚያምረውን ሁሉ ስጪው አለኝ። የሚያምረው አንተ ነበርክ።

የግማሽ ፍጻሜው የመልስ ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አንድ ጎል ካገባን እናልፋለን፤ ያለ ጎል ካለቀ ወጣን። ሊያበቃ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠን። ከላይ ሳክስፎኗ ቁርጥ አለች፤ መርፌውን አነሳህ። አባባ እጄን ጨመቀኝ። እኛ ቤት መቺው ገና ኳሱን እያስቀመጠ ነው። ጓ። ጓ። ጓ።

«አለፍን!» አለ አባባ። እንዲያ ያለ ጉልበት የቀረው አይመስለኝም ነበር።

እኔ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ አልነቀልኩም። መቺው ተንደርድሮ መጣና ኳሱን ሰማይ ላይ ሰቀለው። ፊሽካ ተነፋ። የእኛ ልጆች ሣሩ ላይ ተዘረሩ።

«አባባ፣ ስቷል እኮ። ወጥተናል።»

«ተያት፤ እሷ ድሮም ኋላ ቀር ናት።»

«አሞኝቶን ነው አባባ፣ እንዳለፈው።»

«በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልድም» አለኝ ቆጣ ብሎ። «ልጄን አውቀዋለሁ። ይልቅ ነጩን ሸሚዜን አምጪ።»

ሸሚዙን አለበስኩት። ጺሙን ላጨሁት። ወንበር አልጋው አጠገብ አስቀርቦ «ማጫወቻውን እዚህ ላይ ያሳርፋል» አለ። ከዚያ ባዶዋን ሰማያዊ ሽፋን አስመጥቶ ጭኑ ላይ አደረጋት። «ሸክላዋ ራቁቷን ከረመች፤ ሲመጣ እናለብሳታለን።»

እሁድ ጠዋት ወጣሁ። አንተ ራስህ በሩ ድረስ መጣህ እንጂ አልከፈትክም። «ወጥተናል እኮ እትዬ፤ ውል ውል ነው» አልከኝ ከውስጥ። ሸሚዙን ለብሶ እየጠበቀህ ነው ብልህ ምናልባት ትከፍት ነበር። አላልኩህም። ወደ አባቱ ለመውረድ ምክንያት የሚፈልግ ልጅ ባይወርድስ ብዬ ተመለስኩ። መነጽር ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማየት ላቃተው መፍትሔ አለን፤ አላይም ላለ ግን የሚሸጥለት ነገር የለም።

አባባ ያን ቀን «ማጫወቻው ከብዶት ይሆናል» አለ። ሰኞ ደግሞ «አሳንሰሩ ተበላሽቶበት ይሆናል። ምስኪን፣ በእረፍቱም አያርፍም» አለ። ሸሚዙን ላውልቅልህ ስለው እምቢ አለኝ፤ በሸሚዙ ተኛ፣ በሸሚዙ ነቃ። ማክሰኞ ኮርኒሱን ሲያይ ዋለ። ረቡዕ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስመጣ ሽፋኗን በሁለት እጁ እንደያዛት፣ ፊቱን ወደ ኮርኒሱ እንዳደረገ አልፏል።

ለምን እንደመታህ ብዙ አሰብኩበት። መቺው ሲስት ዓይተሃል፤ ሽንፈቱን ብቻህን መዋጥ አቃተህ። ታች ያለችው እህቴ መጀመሪያ ትደሰት፣ ከዚያ ልቧ ይሰበር አልክ። በእኔ ላይ ከሆነ አልተሳካልህም፤ ከሩብ ፍጻሜው ወዲህ አላመንኩህም። ያመነህ እሱ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ዳኛውን፣ እኔን ሁሉ ትቶ እግርህን አመነ።

በቀብሩ ቀን አንገቴ ላይ ተጠምጥመህ «እትዬ፣ ስለ እኔ ምን አለ?» ብለህ አለቀስክ። «ምንም» አልኩህ። ያዘንኩልህ መስሎህ ይሆናል። አይደለም። ያን ቀን ብነግርህ ደግፎ የሚይዝህ፣ የሚያጽናናህ ሰው ሞልቶ ነበር። አሁን ብቻህን አንብበው። ስለ አንተ ያለው «በእንዲህ ያለ ነገር አይቀልድም» ነው።

ሸክላዎቹን አልሰጥህም። የምሰጥህ ሽፋኗን ነው፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኛታለህ። ጠርዟ ላይ የአውራ ጣቶቹ ምልክት አለ፤ አልወለወልኩትም። ሸክላህን አልብሳት።

እኔ ደግሞ አንድ አሮጌ ማጫወቻ ገዝቻለሁ። ቅዳሜ አዲሱ ጥሎ ማለፍ ይጀመራል። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋና የአባባን ሸክላዎች ተራ በተራ አስቀምጣለሁ፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ ኮርኒሱ አዙሬ። አንተም ምንጣፍህ ላይ ተጋድመህ ስማ፤ እሱ እንደዚያ ነበር የሚሰማህ። ጎል ከገባ ግን እግርህን እንዳታነሳ። እዚህ የሚያምንህ ሰው የለም።

ምናልባት መውረድ ካማረህ ብዬ ዛሬ ጠዋት አሳንሰሩን ሞክሬዋለሁ። ይሠራል።

ታላቅ እህትህ፣
ከእግርህ ሥር