ቀለም ያልነካው መቀመጫ

ለምወድሽ እህቴ ለሳምሪ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ያመኛል ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ? ቤይሩት ብርድ ገብቷል ሲባል እማዬ ሰምታ «ልጄ ደራርባ ለብሳ ይሆን?» ትላለች። እኛ ከአባባ ሐዘን በቀር ደህና ነን፣ ተመስገን።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ስልክ ላይ ቃል እንደሚጠፋብኝ ታውቂያለሽ። ለአባባ ለቅሶ ቤቱ ለለቀስተኛ ሲለቀቅ ዕቃው ሁሉ ደጅ ወጥቶ ነበር። አልጋውና ቁምሳጥኑ ተመለሱ። አያታችን ከዋንዛ ያሠሩትን የአባባን ወንበር ግን እማዬ «እሱን እንዳታስገቡብኝ፣ ባዶውን ማየት አልችልም» አለች። ግቢ ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ከረመ። አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ቁራሌውም ዓይኑን ጣለበት። በተጣራ ቁጥር እማዬ «ይውሰደው» ልትል ነው እያልኩ እደነግጣለሁ።

አንድ ቀን ከለቅሶው ወዲህ የኋላ ቤቱን የተከራየው ቀዳማዊ፣ ሥዕል የሚማረው ልጅ፣ ላስቲኩን ገልጦ ወንበሩን በውሃ ቀለም ሲስል አየሁት። ልብስ የማሰጣ መስዬ ቆምኩ። እታለም፣ ምን ልበልሽ! እግሩ እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ መደገፊያው እንደ ማር ይቀላል። ልጅ ሆነሽ በምስማር የጫርሽው እንኳ አልቀረም። መቀመጫው ግን ባዶ ነጭ ወረቀት ነው። ያልጨረሰ መስሎኝ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኩት። በውሃ ቀለም ብርሃን አይቀባም፣ ወረቀቱ እንዳለ ይተዋል አለኝ፤ እንጨቱ ሰው ብዙ ዘመን ተቀምጦበት እዚያ ጋ፣ ይበልጡን በቀኙ በኩል፣ ያበራል አለ። ከዚያ «ሰውዬው ወደ ቀኝ ያዘነብሉ ነበር አይደል?» አለኝ። አባባን አንድ ቀን እንኳ አላየውም እኮ! ግራ እግሩን ያመው እንደነበር ማን ነገረው? ሮጬ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሥዕሉን ሰጠኝ። እማዬ ስታየው «ምነው፣ ቀለም አለቀበት?» አለች። ያለኝን ነገርኳት። አተኩራ ብዙ አየችው። ከዚያ «ፀሎት፣ ነይ አግዢኝ» ብላ ወጣች። ወንበሩን ለሁለት ይዘን መስኮቱ ሥር፣ የድሮ ቦታው መለስነው።

ሥዕሉን ወደ ቤይሩት በምትመለሰው በእፀገነት እጅ ልኬልሻለሁ። «ለሷ ይሁን፣ ቀብሩንም አላየችም» ያለችው እማዬ ናት። ፀሐይ እንዳይነካው፣ ይደበዝዛል።

ትንሹ ወንድማችን ወንድዬ «ናፍቃኛለች በይልኝ» ብሏል። ጎረቤታችን እትዬ አበበች ነፍስ ይማር ይሉሻል። እማዬ ዓይንሽን ትስማለች። ወንበሩ ላይ እስካሁን ማንም አልተቀመጠም። እማዬ ብቻ ሲመሽ ከሥሩ ምንጣፍ ላይ ትቀመጥና ክንዷን እዚያ የሚያበራው ቦታ ላይ ታሳርፋለች።

ታናሽ እህትሽ ፀሎት
ኮልፌ ቀራንዮ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.