ስለ ኢንቨርተሩ መቃጠልና ዳግመኛ ስለ መገጠሙ

ሚያዝያ ፲፱፻፹፪ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ገብረወልድ፣
የቅስቀሳ ጉዳይ ኃላፊ፣
ሆሳዕና።

ጤናዎ እንደ ድምፅዎ የጠነከረ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም ውሎ አዳሩ የሰላም እንዲሆንለት ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ከገበያው መውረጃ ሬዲዮ የምጠግነው አበራ ሀንዳሞ፣ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ «ከእንግዲህ ሂስ የሚፈራ አይኖርም፤ ያለው ሁሉ ጽፎ ሰሌዳው ላይ ይለጥፍ» ብለው በሰጡን ፈቃድ ይህን ጽፌያለሁ። ጽሕፈቴ ቢጣመም እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ።

ትናንት የደረሰኝ ትእዛዝ፣ እሑድ ቦኖሻ ላይ ለሚደረገው ስብሰባ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ላይ ኢንቨርተር ዳግመኛ እንድገጥም ያዛል። እኔን በማስታወስዎ አመሰግናለሁ። ለማያውቀው አንባቢ፣ ኢንቨርተር ማለት የመኪናን ባትሪ አሥራ ሁለት ቮልት ወደ ሁለት መቶ ሃያ ለውጦ፣ መብራት ባልገባበት አገር ድምፅ ማጉያ የሚያስጮህ ሣጥን ነው። ከመግጠሜ በፊት ግን በየካቲት በገጠምኩት ሣጥን ላይ የደረሰውን በቁጥር ላቅርብ።

፩. ያን ጊዜ ስገጥም ወፍራም ሽቦና ፊውዝ እንዲገዛ፣ ከሦስት መቶ ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ እንዳይሰካ፣ ሞተሩም እንዳይጠፋ በወረቀት ጽፌ በእጅዎ ሰጥቻለሁ። እርስዎም «አብዮቱ በፊውዝ አይቆምም» ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ለሚወዛወዘው የጠረጴዛዎ እግር ድጋፍ አደረጉት። ጠረጴዛው ከዚያ ወዲህ እንደማይነቃነቅ ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

፪. ቦኖሻ ስንደርስ ገበሬው ከማለዳ ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ኮትዎ በመንገዱ ተጨማዶ ስለነበር፣ የቦታው ሊቀመንበር መፈክር በሚያሰሙበት ሰዓት እርስዎ ከሻንጣዎ ካውያ አውጥተው ከድምፅ ማጉያው ጎን ሰኩ። ሹፌሩ ሽብሩ «ጓድ፣ አበራ ከባድ ዕቃ አይሰካ ብሏል» ቢልዎ «አንተ መሪህን ያዝ» አሉት፤ ነዳጅ ለመቆጠብም ሞተሩን አስጠፉት። እኔ ከመኪናው ጀርባ ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ትንፍሽ ግን አላልኩም። ሂስ ከተባለ ይህኛው በእኔ ላይ ነው። ወዲያው ሊቀመንበሩ «ወደፊት» እንዳሉ ድምፁ ተቆረጠ፤ ከመቀመጫው ሥርም ጭስ ወጣ።

፫. ጭሱ ሳይበተን «አሻጥር ነው» አሉ። አንድ ሙያተኛ ቀን ሙሉ ፈትቶ የሚያገኘውን ምክንያት እርስዎ መኪናውን እንኳ ሳይከፍቱ ማግኘትዎን ሳላደንቅ አላልፍም። አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰርኩ። መርማሪው በየቀኑ «ማን ላከህ?» ይለኝ ነበር። እውነተኛው መልስ «ጓድ ገብረወልድ» ነው፤ ያን ለመናገር ግን ምላሴ አልታዘዘኝም። ዛሬም ላንድሮቨር በሱቄ በኩል ሲያልፍ ካቻቢቴው ከእጄ ይወድቃል፤ ደንበኞቼ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

፬. የተፈታሁት ጥፋት ስላልተገኘብኝ አይደለም። ሽብሩ ማንም ሳይጠራው መርማሪው ዘንድ ገብቶ የካውያውን ነገር ስለተናገረ ነው። እኔ በዚያው ቀን ወጣሁ፤ እሱ በሳምንቱ ከሥራ ወጣ። አሁን ሞርሲቶ አጠገብ በእናቱ ጓሮ እንሰት ይኮተኩታል። ሃያ ዓመት መኪና የያዘን እጅ ዶማ ስላስያዙት የግብርናው ዘርፍ ሳያመሰግንዎ አይቀርም። ሄጄ ጠየቅሁት። ላመሰግነው ስጀምር፣ «አታመስግነኝ፤ እኔም ፈርቼ ነው አሥራ ዘጠኝ ቀን የፈጀብኝ» አለኝ።

ጓድ ኃላፊ፣ ኢንቨርተሩን እገጥማለሁ። እምቢ ለማለት የሚያበቃ ልብ የለኝም፤ ይህንንም በአደባባይ ስጽፍ አላፍርም። የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከድምፅ ማጉያው በስተቀር ምንም ዕቃ እንደማይሰካ በፊርማዎና በማኅተምዎ ተጽፎ ይሰጠኝ፤ መኪናውንም ሽብሩ ይንዳው። ይህን በጆሮዎ ሹክ ልልዎ እችል ነበር። ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ዳግመኛ ብታሰር ለምን እንደታሰርኩ ከእርስዎና ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ነው።

ለኮትዎም ለሥልጣንዎም ተገቢውን ክብር እየሰጠሁ፣ ጥላዎ በሩቅ ሲታይ ባርኔጣውን የሚያወልቀው፣ ትእዛዝዎን ሁለት ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ የሚደነግጠው ታዛዥዎ፣

አበራ ሀንዳሞ
የሬዲዮ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ ትርፊት የእስር ቤቱን ወለል ቅዝቃዜ ስለምታውቀው፣ ቅዳሜ ጠዋት የመሣሪያ ሣጥኔንና ብርድ ልብሴን አንድ ላይ አስይዛ ትልከኛለች። ሁለቱንም ይዤ ቢሮዎ በር ላይ እቆማለሁ፤ የትኛውን አስቀምጬ የትኛውን ይዤ እንደምሄድ በትሕትና ይንገሩኝ።